ስልኩን የሚጎረጉረው ሐኪም

«ይሄ ልጅ ቴሌግራም ላይ ነው እንዴ?»

እማዬ ናት። ድምፅ ቀንሶ ማውራት አታውቅበትም። ኅዳር 2017 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረን ተሰልፈን፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተራችን ደርሶ ገብተናል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ሐኪም፣ ሁለት ታካሚ፤ በሩ ላይ ደግሞ «እኔ ውጤት ለማሳየት ብቻ ነው» እያሉ አንገታቸውን የሚያስገቡ ሰዎች። ለእኛ የደረሰን ሬዚደንት ከእኔ በስድስት በሰባት ዓመት የሚያንስ ልጅ ነው። የላብራቶሪ ወረቀታችንን አየ፣ ጥቂት ዝም አለ፣ ከዚያ ከጋውኑ ኪስ ስልኩን አውጥቶ በአውራ ጣቱ መጎርጎር ጀመረ።

እውነቱን ልናገርና እኔም ተናድጄ ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረው፣ ውጪ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ይሄ ስልኩን ይነካካል። አፌን ልከፍት ስል የእማዬን ነገር ሰምቶ ኖሮ ሳቀ።

«እማማ፣ ቴሌግራም አይደለም። የኩላሊትዎን አቅም እያሰላሁ ነው» አለና ስልኩን አዙሮ አሳየን።

«ኩላሊት ይሰላል እንዴ?» አለች እማዬ።

ይሰላል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ስሌት ነው። ሐሳቡን መጀመሪያ ያቀረብኩት አልፎ አልፎ ለሚያሠራኝ አንድ አዘጋጅ ነበር። «ዜናው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ዜና የለውም። አንዲት እናት፣ አንድ ወረቀትና አራት ቁጥሮች አሉት። ስለዚህ እዚህ አመጣሁት፤ ረዘም ስለሚል ሻይ ያዙ።

አስቀድሜ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዲግሪዬ በጋዜጠኝነት ነው፤ ከሒሳብ ጋር ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ተለያይተናል። ከዚህ በታች የምታነቡትን ይዛችሁ የማንንም መድኃኒት አታቁሙ፣ አታስጀምሩም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እማዬ ስኳር ካገኛት 14 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ትወስዳለች፤ ጠዋት አንድ ሺህ ሚሊ ግራም፣ ማታ አንድ ሺህ። ጥቅምት ላይ እግሯ ማበጥ ሲጀምር በአንድ የግል ላብራቶሪ ደም ሰጠች። ክሬአቲኒን 1.85 ወጣ። ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ያጣራዋል፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይከማቻል። ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። 1.85 በአንድ ወጠምሻ የ25 ዓመት ስፖርተኛ ደም ውስጥና 52 ኪሎ በምትመዝን የ71 ዓመት ሴት ደም ውስጥ አንድ ነገር ማለት አይደለም። የእሷ ጡንቻ ትንሽ ስለሆነ የምታመነጨውም ትንሽ ነው፤ ያንን ትንሹን እንኳ ማስወገድ አቅቷታል ማለት ነው። ስለዚህ ዕድሜና ፆታ ተጨምሮ በቀመር ይሰላል፤ የሚወጣው ቁጥር ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያጣራ የሚገምት ነው። ሐኪሞቹ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር ይሉታል። ጤነኛ ወጣት ላይ መቶ አካባቢ ነው። በትክክል መለካት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ በደም ሥር ልዩ ንጥረ ነገር ሰጥቶ እንዴት እንደሚወገድ ለሰዓታት መከታተል። በየቀኑ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይህን የሚያደርግ ሆስፒታል በሀብታም አገርም የለም። ስለዚህ ዓለም ሁሉ በግምት ነው የሚኖረው።

የእማዬ ወረቀት ላይ ግምቱ በሁለት መስመር ነበር የተጻፈው። አንደኛው መስመር 27 ይላል። ሁለተኛው 31። ከሁለተኛው አጠገብ በእንግሊዝኛ የተጻፈው፦ «አፍሪካን አሜሪካን ከሆነ»።

እማዬን ልግለጽላችሁ። የተወለደችው ደብረ ሲና አካባቢ ነው። አሜሪካን የምታውቀው ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በቪዲዮ ስትደውል ከጀርባዋ በሚታየው ፍሪጅ በኩል ነው። ወረቀቱ ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያስቀመጠላት፤ ወይ አፍሪካን አሜሪካን ናት፣ ወይ አይደለችም። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ውስጥ ያየናት ሐኪም፣ ጥቁር ስለሆነች ይመስለኛል፣ 31ዱን አከበበችው። «ከ30 በላይ ነው፤ ሜትፎርሚኑን ይቀጥሉ» አለች። ቀጠለች።

ለምን 30? ሜትፎርሚን በኩላሊት በኩል ነው ከሰውነት የሚወጣው። ኩላሊት በጣም ሲደክም መድኃኒቱ ይከማቻል፤ በደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ እንዲበዛ ሊያደርግና እንደ ዘበት የጀመረ ሕመም ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ መድኃኒቱ እንዳይሰጥ መመሪያዎቹ ያዝዛሉ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንዱ መስመር መድኃኒቱ ክልክል ነው፣ በሌላው መስመር ይፈቀዳል። ደሙ አንድ፣ ሴትዮዋ አንድ። ልዩነቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱም ስለ ኩላሊቷ የሚጠይቅ አይደለም።

ሬዚደንቱ ስልክ ላይ የወጣው ቁጥር 29 ነበር።

«የትኛው ነው ታዲያ ልክ?» አልኩት።

«ሁሉም ግምት ነው» አለኝ። «ግን የዘር ጥያቄ ያለበትን አሁን አንጠቀምም። ይሄ የ2021 ነው።» የፈረንጆቹን ዓመት ማለቱ ነው። ከዚያ ሌላ ገጽ ከፍቶ ኪሎዋን ጠየቀና አንድ ቁጥር ጨመረ፤ 23። «ይሄኛው ደግሞ ለአንዳንድ መድኃኒቶች መጠን የምንጠቀምበት ነው።»

27፣ 31፣ 29፣ 23። አንድ ጥንድ ኩላሊት፣ አራት ቁጥር። እማዬ ወደኔ ዞራ «ዕቁብ ነው እንዴ የሚያወጡት?» አለች።

ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ከሒሳብ ጋር ታረቅሁ። አንድ ኤክሴል ከፍቼ ቀመሮቹን ጻፍኩ። የሚገርመው፣ ላብራቶሪው የተጠቀመውን ቀመር ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ 27ን በ1.159 ስታባዙት 31 ነው የምታገኙት። 1.159 ከየት መጣች? ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ቀመር። በዚያ ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ በ1.159 ይባዛል። ከሱ በፊት የነበረው፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ቀመር ይባስ ብሎ በ1.2 ያህል ያባዛ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከተጠኑት ሰዎች መካከል የጥቁሮቹ ክሬአቲኒን በአማካይ ከፍ ብሎ ስለተገኘ «ጡንቻቸው ስለሚበዛ ይሆናል» ተባለ፤ ጥቁርነት የሒሳብ ቁጥር ሆኖ ቀመሩ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀመሩ በላብራቶሪ ማሽኖችና በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ተጭኖ ዓለምን ዞረ። ጡንቻዋ በእጅ ሊቆጠር የሚችለው እናቴ ጋም ደረሰ።

እዚህ ላይ «ፈረንጅ እኛን ሊጎዳ ሆን ብሎ ነው» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይደለም። ሠሪዎቹ በእጃቸው ባለው መረጃ ላይ ትክክለኛ ግምት ለማውጣት ነው የሞከሩት። ጉዳቱ ግን እዚያው አሜሪካም ደርሷል። እዚያ ሰው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተራ ጥበቃ ላይ ቆጠራው የሚጀምርለት ይህ ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ጥቁር ሕመምተኛ ቁጥሩ በማባዣ ከፍ ስለሚል እኩል የታመመ ነጭ ጎረቤቱ ተራ ሲይዝ እሱ ገና «ደህና ነህ» ይባላል። የሕክምና ተማሪዎች ጭምር ዓመታት ተከራከሩበትና በ2021 (እ.ኤ.አ.) የኩላሊት ሐኪሞቹ ማኅበርና ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽናቸው ያቋቋሙት ግብረ ኃይል ዘር የማይጠይቀውን አዲስ ቀመር እንዲጠቀሙ ወሰነ። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በአሮጌው ቀመር ምክንያት ተራቸው የዘገየባቸው ጥቁሮች የጠፋባቸው ጊዜ እንዲታሰብላቸው ተደርጓል።

እህቴን ጠየቅኋት። የራሷን የደም ውጤት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ አንድ መስመር ብቻ። ልብ በሉ፣ እሷ ሜሪላንድ እየኖረች «አፍሪካን አሜሪካን» የሚለው ጥያቄ ቀርቶላታል፤ እማዬ አዲስ አበባ ተቀምጣ ትጠየቃለች።

ከሁሉ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ማባዣ አፍሪካ ውስጥ እንደማይሠራ ለማወቅ 2021ን መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁር ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት የማባዣውን ቁጥር ትቶ ማስላት ከእውነተኛው ልኬት ጋር የተሻለ እንደሚቀራረብ አሳይቷል። በኋላም አይቮሪኮስትና ኮንጎ ኪንሻሳ ላይ የተደረገው ወደዚያው ነው ያመለከተው። አፍሪካውያን ስለ አፍሪካውያን ኩላሊት ጽፈውት ነበር። ማሽኑን የጫነው ሰው ግን የሚያነበው የማሽኑን መመሪያ ነው።

ላብራቶሪው ጋ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት። «ማሽኑ ነው እንደዚህ የሚያወጣው» አለችኝ። የትኛው ቀመር እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ለምን አይጻፍም ስላት «ለሐኪሙ ይገባዋል» አለች። ሐኪሙ ግን ምን እንደሆነ ካልተጻፈለት እንዴት ይገባዋል?

ክሊኒኳን ሐኪም ግን በጣም መክሰስ አልፈልግም። በቀን ስንት ሰው እንደምታይ አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ሁለት በር ከፍቶላት በአንዱ ገባች። የምጠይቃት ሌላ ጥያቄ አለኝ። ቁጥሩ 31 ቢሆን እንኳ መመሪያው ከ45 በታች ሲሆን የሜትፎርሚን መጠን በግማሽ እንዲቀነስ ነው የሚለው። እማዬ ሙሉውን ሁለት ሺህ እየዋጠች ነበር የቆየችው። ይኸንን ማባዣው አይደለም ያበላሸው። 30 ላይ አጥር ስላለ ከአጥሩ ወዲህ ያለ ሁሉ ሰላም መስሏት ነው። ኩላሊት ግን 31 ላይ ጤነኛ ሆኖ 29 ላይ አይታመምም።

ሬዚደንቱ ይህን ያውቅ ነበር። 29 እንደወጣ ሜትፎርሚኑን አቆመ፣ ግን በዚያ አላበቃም። የእግሯን እብጠት በጣቱ ተጭኖ አየ፣ ለጉልበት ሕመም ብላ የምትወስደውን የማስታገሻ ክኒን ስም እስክታስታውስ ጠበቀ (ዳይክሎፌናክ፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ፤ እኔም አላወቅሁም ነበር)፣ እሱንም አስቆመ፣ የሽንት ፕሮቲን አዘዘ፣ ደሙን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትደግም ነገራት። ስልኩ ላይ ያጠፋው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኔ የተናደድኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

ስለዚያ ስልክ ላውራ እንግዲህ። የተጠቀመው ኤምዲካልክ የሚባለውን ነው፤ ሐኪም ጓደኛ ያላችሁ ስልኩን ብታዩት አታጡትም። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ግርሃም ዎከርና ጆ ሃቡሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የጀመሩት ነው፤ ሁለቱም የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በየመጽሔቱ ተበትነው የነበሩ ቀመሮችን አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ እንዲያስገባ ማድረግ። ገንዘብ አያስከፍልም። በኋላ ቤት ሆኜ ስከፍተው የወደድኩለት ነገር ስሌቱ ራሱ አይደለም። ከስሌቱ ሥር ቀመሩን ማን እንደሠራው፣ በምን ዓይነት ሕመምተኞች ላይ እንደተፈተነና መቼ መጠቀም እንደማይገባ ይጽፋል። ወረቀታችን ላይ የጠፋው ይሄ ነው።

ያ ክፍል ባይኖር የ23ቷን ምስጢር አላገኝም ነበር። 23 የወጣችበት ቀመር ኮክሮፍትና ጎልት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ካናዳ ውስጥ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ነው። 140 ሲቀነስ ዕድሜ፣ ሲባዛ በኪሎ፣ ሲካፈል ለ72 ጊዜ ክሬአቲኒን። በእጅ መሥራት ይቻላል። ያጠኑት 249 ሰዎችን ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ለሴት ሲሆን ውጤቱ በ0.85 ይባዛል፤ ይህችም ቁጥር ሴቶችን አጥንተው ያገኟት አይደለችም፤ የሴት ጡንቻ ያንሳል ብለው የገመቷት ናት። ብዙ መድኃኒቶች ሲፈተኑ በዚህ ቀመር ስለተፈተኑ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎትም የመድኃኒት መጠን ላይ እስካሁን በሥራ ላይ ነው። ለእናቴ መድኃኒት የሚለካው በካናዳ ወንዶች ነው ብዬ ለጓደኞቼ ስነግራቸው እንደ ቀልድ ይስቃሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያው ሒሳቡን ትቶ ሐኪሙ በልምዱ ይሥራ» የምትሉ ካላችሁ አልስማማም። ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ጽሑፍ ወደ ሰሜን ሸዋ ሄጄ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ሌሊት አድሬ ነበር። ነርሷ ብቻዋን ናት። አንድ ሊትር ግሉኮስ በስምንት ሰዓት እንዲገባ ታዟል። በደቂቃ ስንት ጠብታ? የነርሶች ክፍል ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ፣ በእጅ የተጻፈ ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዡ 42 ይላል፤ የጠብታ መስመሩ አንዱ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሆንበት ዓይነት ከሆነ ልክ ነው። ስልኳንም አወጣች፣ ሰንጠረዡንም አየች፣ ከዚያ ሰዓቷን እያየች ጠብታውን ቆጠረች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለ እንቅልፍ በጭንቅላት ማካፈልን ሞክሩትና ንገሩኝ። ሕፃን ልጅ ሲሆን ደግሞ የመድኃኒቱ መጠን በኪሎ ነው፤ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች አሥር እጥፍ ናት።

ለነገሩ ካልኩሌተር የግድ ስልክ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናት ክንድ ላይ የሚጠመጥሟትን ባለ ቀለም የወረቀት መለኪያ አይታችኋል? ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። እሷም የተሰላች ሒሳብ ናት። ባትሪ አትፈልግም፣ እንግሊዝኛ አትጠይቅም፣ እናትየው ራሷ ቀለሙን አይታ ልጇ መጎዳቱን ታውቃለች። ከሁሉም የወደድኳት እሷን ነው።

ኔትወርክም አትፈልግም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ድንገተኛ ክፍል ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ ካልኩሌተሮቹን በድረ ገጽ ነበር የሚከፍታቸው፤ ተዘጉበት። ከኢንተርንነቱ ዘመን የቀረች የኪስ ማስታወሻ ደብተሩን ከእናቱ ቤት ፈልጎ አስመጣ። አሁን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ጭኗል፤ ደብተሯም ከጋውኑ አትለይም።

አንድ ነገር ግን ከአሜሪካም ከካናዳም የማይመጣልን አለ። የኛ ዘመን አቆጣጠር። እማዬ የተወለደችው ጥቅምት 1946 ነው። በሌላ ጊዜ አንድ የጤና ተቋም ካርድ ላይ 78 ዓመት ተብላ ተጽፋ አግኝቻታለሁ፤ ኮምፒውተሩ 1946ን የፈረንጅ አድርጎ ቆጥሮላት ሰባት ዓመት አስረጅቷታል። እሷ ተቆጣች፣ እኔ ሳቅሁ። ማታ በኤክሴሌ 78 ብዬ ሳስገባው 29ኙ 28 ሆነ፤ ትንሽ ናት። እሺ።

ነፍሰ ጡር ላይ ግን ትንሽ አይደለችም። አዋላጅ የሆነች የአክስቴ ልጅ ናት ያስረዳችኝ። አንዲት ሴት «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ስትባል «መስከረም 5» ትላለች። አዋላጇ በእኛው አቆጣጠር በእጇ ካሰላች ነገሩ ውብ ነው፤ ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ትደምራለች፤ ሰኔ 15። መሐሉ ላይ ጳጉሜን ካለፈች አሥሩ አምስት ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት አራት። በቃ። ስልኩ ግን መስከረምን አያውቅም። የደከመው ባለሙያ «መስከረም 5» የተባለውን ሳይቀይር «ሴፕቴምበር 5» ብሎ ካስገባው አሥር ቀን ስህተት ገባ። ስልኩ «42 ሳምንት ሞልቷታል፣ ቀኗ አልፏል» ሲል ሴትየዋ ገና 40 ሳምንት ከአራት ቀን ናት። አንዷ ምጥ በመድኃኒት ይምጣላት ትባላለች፣ ሌላዋ ቤቷ ሄዳ ትጠብቃለች። የአክስቴ ልጅ «እኔ መጀመሪያ በጣቴ ነው የማሰላው፣ ስልኩን ለማረጋገጫ» አለችኝ። የቀን መቀየሪያ አፕ የሚሠሩ ልጆች በየሰፈሩ አሉ፤ ከኒህ ልጆችና ከአዋላጆች አምስት አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቢቀመጡ ይሄ ችግር አይፈታም ትላላችሁ?

ከላብራቶሪዎች የምፈልገው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ቁጥሩ ሥር አንዲት መስመር፤ የቀመሩ ስምና ዓመቱ። ሁለተኛውን መስመር ደግሞ ይሰርዙት። ይሄ አዲስ ማሽን መግዛት አይጠይቅም፤ የውጤት ወረቀቱን የሚያወጣውን ፕሮግራም የሚያስተካክል አንድ ሰው ነው የሚጠይቀው። አንባቢዎቼ ውስጥ ላብራቶሪ የምትሠሩ አላችሁ፤ ነገ ጠዋት ገብታችሁ ወረቀታችሁን እዩት።

ከሐኪሞቹ የምፈልገው ያ ልጅ ያደረገውን ነው። ስልኩን አዞረው። እማዬ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አላነበበችም፤ እንግሊዝኛ አትችልም። ግን የራሷን 71፣ የራሷን 1.85 በቁጥር አየቻቸው። ከዚያ በኋላ ቴሌግራም የሚል ቃል አልወጣትም፤ እንዲያውም ስንወጣ «ጨዋ ልጅ ነው፣ የማን ልጅ ይሆን?» እያለች ነበር።

ጉዳት ደርሶባታል ወይ? አላውቅም፤ ሐኪሙም እንዲህ ነው ብሎ አልነገረኝም። ሜትፎርሚኑን ከመጠን በላይ የወሰደችባቸው ሳምንታት ምንም ሳያስከትሉ አልፈው ሊሆን ይችላል። ዳይክሎፌናኩ ሳይጎዳት አልቀረም ብሎ የሚጠረጥር ግን ሬዚደንቱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ነኝ፤ ከሰፈር ፋርማሲ ሄዶ የሚገዛላትም አንዳንዴ እኔ ነበርኩ፤ «የጉልበቷ ክኒን» እያልኩ፣ ስሙን እንኳ ሳላነብ። ሦስት ሳምንት ስለ ቀመር ሳነብ ከርሜ መጨረሻ ላይ የደረስኩት እዚች ክኒን ላይ ነው። የትኛውም ካልኩሌተር ስለሷ አልጠየቀም። የጠየቀው ልጁ ነው።

አሁን ኢንሱሊን ላይ ናት። እግሯ ቀንሷል። ቁጥሩ ከ29 ብዙ አልራቀም፤ አንዳንዴ 28፣ አንዴ 31 ሆኖ ያውቃል፤ በአዲሱ ቀመር። ዲያሊስስ የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራውም።

ባለፈው ወር እዚያው ላብራቶሪ ሄድን፤ ለቤታችን እሱ ነው የሚቀርበው። ወረቀቱ አሁንም ሁለት መስመር አለው። እማዬ ሁለተኛውን እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ሌላ ናት፤ ሬዚደንቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። ልጅቷ ወረቀቱን አይታ እጇን ወደ ጋውኗ ኪስ ስትሰድ እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሰባ ሁለት ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር» አለች። «ኪሎዬ ሃምሳ ሁለት። አሜሪካን አይደለሁም።»